ለኮከቡ ስም ሲወጣለት

አንድ ቀን የአንድ ኅዋ ምርምር ተቋም ሠራተኞችና ጥቂት እንግዶች አንድ አዲስ ግኝት ለማክበር አዳራሽ ተጠሩ። ውብአንቺ የምትባል ወጣት ተመራማሪ፣ ከጋዝና ከአቧራ በተሠራ ደመና ውስጥ ገና በመወለድ ላይ ያለ ግዙፍ ኮከብ አግኝታ ነበር። ክፋቱ፣ አለቃዋ ዶክተር አጥናፍሰገድ ናቸው። እኚህ ሰው ሌላው ለፍቶ የጻፈውን ጥናት በራሳቸው ስም ያወጣሉ፤ ሌላው ወደ ተጋበዘበት ጉባኤም እሳቸው ሻንጣ ይዘው ይሄዳሉ። ዲግሪ ያለው ቀማኛ ብላቸው ነውር የለብኝም።

እንግዶቹ እንደተቀመጡ የአስተዳደር ኃላፊው ጓንጉል ብድግ አለ። ጓንጉል ማለት ዶክተሩ ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» ለማለት ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነው።

«ይህ ኮከብ በክቡር ዶክተራችን ስም ቢሰየም ሲያንሳቸው ነው» አለ።

ዶክተሩ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «ኧረ እኔ ምን አደረግሁና። ግን ቤቱ ካለ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ።

ቤቱም እንደ ልማዱ አጨበጨበ። ውብአንቺ ግን እጇን አጣምራ ቀረች። ስያሜው ከጸደቀ ግኝቱም የሳቸው ሆኖ ይቀራል፤ የሷን ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

ይሄኔ ከእንግዶቹ አንዱ፣ «ለመሆኑ የዚህ ኮከብ ልዩ ነገሩ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ዶክተሩ ጥናቱን መች አንብበውት። ወደ ውብአንቺ ዞረው፣ «እስቲ አስረጂያቸው። በዚያው ስለ ስያሜው ድጋፍሽን ግለጪ» አሏት።

ተነሳች። «ኮከቡ ለማደግ ሲል በዙሪያው ያለውን ጋዝ ወደ ራሱ እየሳበ ይውጣል። ሁሉንም ግን አይውጠውም። ከሰበሰበው ከፊሉን፣ እንደ ፈነዳ የውሃ ቧንቧ፣ ወደ ላይና ወደ ታች በኃይል መልሶ ይረጨዋል። ደመናው ቢጋርደውም ኮከቡ መኖሩን ያወቅነው ይሄ ሲፈናጠር አይተን ነው።»

«ጎሽ። ስያሜውስ?» አሉ ዶክተሩ ፈገግ ብለው።

«ስያሜው እንኳ ቢቀርብን ይሻላል ዶክተር። በእርስዎ ስም ጠርተነው፣ የሰበሰበውን መልሶ ይሰጣል ብንል ማን ያምነናል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀድሞ የሳቀው ጓንጉል ነበር።