አልችልም የተባለው ጉብታ

«እሺ አለ! ኧረ ወዲያው እሺ አለ!» እያለ ሰዉ ሆዱን ይዞ ይንከተከታል፤ የተሳቀበት ሰውዬም አቀርቅሮ ከጉብታው ይወርዳል። ሸንበቆ ውሃና ገደባ በሚባሉ ሁለት አገሮች መካከል ያለው ይህ ጉብታ ስሙ አልችልም ነው፤ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ የሚመረጠውም እዚሁ ላይ ነው። ታዲያ የተመረጠው ሰው አጥብቆ እምቢ ማለት አለበት፤ አፉን ሞልቶ እሺ ካለ ተስቆበት ይመለሳል እንጂ አይሾምም። ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል፤ ያስቃልም፤ ዋናው ነገር ግን መጨረሻው ላይ ነውና ቆየት በሉ።

እንደሚነገረው ከሆነ በጥንት ዘመን በዚህ አገር ሞፈርና ቀንበር እየጠረበ የሚኖር አዝመራው የሚባል ሰው ነበር። እጁ ወርቅ ነበር፤ ምላሱ ግን፣ አይጣል ነው፣ ተብታባ። አንዲት ቃል ከአፉ እስክትወጣ ከብቱ ወንዝ ወርዶ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል ይባልለት ነበር። እሱ የሸንበቆ ውሃ ልጅ፣ ሚስቱ አንጓች ደግሞ የገደባ ልጅ ነበረች። ምን ዋጋ አለው፣ በግጦሽ ሰበብ አንዱ የሸንበቆ ውሃ ሰው የገደባዋን ባልቴት የእመት ጥሩዬን አንድያ ልጅ ገደለና ሁለቱ አገር ጦር ሊማዘዝ ቀን ቆረጠ። የአዝመራው ወንድሞች በአንድ ወገን፣ የአንጓች ወንድሞች በሌላው ወገን ሊሰለፉ ነው፤ የማንም ወገን ቢወድቅ ለቅሶው የሚገባው ከእነሱው ቤት ነበር።

በዋዜማው አዝመራው ጉብታው ላይ ዋንዛ ሲቆርጥ ከበላዩ ድምፅ ጠራው አሉ።

«አዝመራው!»

«አ...አ...አንጓች፣ ም...ምሳ ደረሰ እንዴ?»

«አንጓች አይደለሁም» አለው ድምፁ።

መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። ድምፁም ነገ በሁለቱ ጦር መካከል ቆመህ አንዲት ቃሌን ትናገራለህ ቢለው አዝመራው እንባው እየወረደ፣ ጌታዬ እኔ አልችልም፣ ምላሴ እስር ነው፣ ቄሳችን መምሬ ደርሶ ይሂዱልህ፣ የእሳቸው ምላስ ቅቤ ነው አለ።

«እሱንማ ትናንት ልኬው ነበር። አነጋገሩን አደነቁለትና አመስግነው ጦራቸውን ሊስሉ ሄዱ።»

«እ...እንግዲያው ም...ምላሴን ፍታልኝ።»

«አልፈታም። እንዳለህ ሂድ።»

«ቢ...ቢ...ቢስቁብኝስ?»

«ይሳቁ። ቃሉ ሲጠፋህ አብሬህ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

ቤቱ ገብቶ ይህን ሁሉ ለአንጓች ነገራት፤ እንደማይሄድም ምሎ ነገራት። እሷ ግን፣ «አንተ ሰው፣ ስሜን ጠርተህ እስክትጨርስ ወጥ ያርርብኛል። ሳትጨርስ ጥዬህ የሄድኩበት ቀን ግን አለ?» አለችው።

በማግስቱ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተሰልፎ ሳለ አዝመራው ጉብታው ላይ ወጣ። በዚያ አገር ሥርዓት አንድ ሰው «በእግዜር ስም» ብሎ ከጀመረ፣ ቃሉን ሳይጨርስ ጦር የወረወረ ሁሉ ዘሩ ይጠፋል፤ ይህን የማይፈራ ጀግና አልነበረም። አዝመራውም «በእግዜር ስም» የምትለዋን እንደምንም አወጣትና ቀጥሎ «ተ...» ብሎ ቀረ። ተ... ተ... ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ላቡ ተንቆረቆረ። ሰው ሁሉ ጦሩን እንደሰበቀ ደርቆ ቆመ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ክንድ ዛለ፣ እሱ ገና «ተ...» ላይ ነው። ሮጦ ሊያመልጥም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን አጠገቡ አንድ የቆመ ያለ መሰለውና እግሩን ተከለ ይባላል።

«ጨርስ እንጂ ወንድሜ፣ ልትገድለን ነው እንዴ!» ብሎ አንድ የገደባ ጎበዝ ቢጮህ፣ ከማዶ አንዱ የሸንበቆ ውሃ ሰው፣ «ልትሞት አይደል እንዴ የመጣኸው፣ ምን ያስቸኩልሃል!» አለው። ሜዳው በሳቅ ተናጋ፤ የጠላቱን ቀልድ የሰማ ሁሉ ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ በረድ ሲል ቃሏ ወጣች።

«ተቀመጡ።»

ሌላ ምንም አላለም። ክንዱ የዛለው ሁሉ ጦሩን መሬት ላይ ጥሎ ዘፍ አለ፤ አንዴ የተቀመጠውም ለመነሳት ልቡ እምቢ አለው፤ እርቁም ከዚያ ጀመረ።

ዛሬም እንደ አዝመራው እምቢ ብሎ፣ ተለምኖ የተሾመው ሽማግሌ ጉብታው ላይ ሲወጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ተቀመጡ» ነው፤ ሰዉ ቀድሞ ተቀምጦ ቢገኝ እንኳ ይባላል። ከዚያም ለአፍታ ጭጭ ይባላል፤ ዝምታው የእመት ጥሩዬ ነው ይላሉ። ያን ቀን ጦረኛው ሁሉ ዘፍ ሲል እሳቸው ብቻ የልጃቸውን ጋሻ አቅፈው ከሰልፉ ፊት እንደቆሙ ቀርተው ነበር። አዝመራው ወርዶ ጋቢውን አነጠፈላቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ጋሻውንም ከጎናቸው አጋደሙና እንዲህ አሉት፦

«ልጄ ከሞተ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ይነሱ፣ ደሙን ያስመልሱ ሲለኝ ነው የከረመው። ቁጭ ይበሉ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ።»