ያነጠሰው አጥር

ከጥንት ከተሞች በአንዲቱ፣ የነዋሪዎቿን ክብር ለመጠበቅ ስንል ስሟን በተውናት ከተማ፣ ከመስጂዱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ሰፈር ነበረች። ከመጥበቧ የተነሳ አንዱ ቤት ወጡ ላይ ጨው ሲያበዛ ጎረቤቱን ውሃ ይጠማው ነበር። ባልና ሚስት ሹክ ብለው ቢጣሉ ከሦስተኛው ቤት አስታራቂ ይመጣል። ሕፃን ሲያለቅስ የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ከየበሩ «እሹሩሩ» ይባላል። ሚስጥር ያለው ሰው ሚስጥሩን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ እዚያ ማንም አያውቀውምና።

በዚህች ሰፈር ሸኽ ይማም የሚባሉ፣ ውሸት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሐሜት አጥብቀው ይጠላሉ። የሰፈሩን ሰው «ዝም በሉ» ቢሉት አቅሙ እንደማይችል ስለተረዱ ቀለል ያለ ሕግ አወጡ።

«የሰው ነውር ይዞ ደጄን የሚረግጥ ከነዑዝሩ ይምጣ» አሉ።

ዑዝር ማለት ሰው ለሠራው ነገር ያለው ሰበብ ነው። ለወንድም ጥፋት በጎ ሰበብ መፈለግ የደጋጎች ሥራ መሆኑን ሸኹ ደጋግመው አስተምረዋል።

ሕጉን እንደ ጦይባ በሙሉ ልቡ የተቀበለ አልነበረም። ጦይባ ከሸኹ ጋር አጥር ለአጥር የምትጎራበት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልበ ቀና ሴት ናት። ከሕጉ በፊት የምታመጣው ወሬውን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱን ከነምክንያቱ ማቅረብ ስላለባት ሥራዋ እጥፍ ሆነ። አላማረረችም።

«አባ ሸኽ፣ ሙሄ ዛሬም ለሱብሂ ሰላት አልመጣም።»

«ዑዝሩስ?»

«አለው እንጂ! ሚስቱ ሌሊቱን ሙሉ ስትጨቀጭቀው አድራ፣ ምስኪን፣ በምን ዓይኑ ይነሳ?»

«አስተግፊሩላህ! ሌላ ዑዝር የለሽም?»

«ሞልቶኝ! ጫማው ተሰርቆበት ይሆናል። የሰረቀውን ሰው እንኳ እጠረጥረዋለሁ። ግን እሱም ቢሆን ዑዝር አለው...»

ሸኹ በጥምጣማቸው ጫፍ ጆሯቸውን ሸፍነው ሰብር ያደርጋሉ፤ ይታገሣሉ። ሰብር ለመለማመድ እንደዚያች ሰፈር የተመቸ ቦታ አልነበረም።

አንድ ቀን ግን ነገሩ ዞሮ ጦይባ ደጅ ቆመ። የላይ ሰፈሩ ሐጂ በሽር ልጇን ሉባባን ለልጃቸው አስበዋታል። ሉባባ ልጁን ወዳዋለች፤ እናትየዋም ከሰላት ሁሉ በኋላ ዱዓዋ ይኸው ሆኗል። እንደ አገሩ ደንብ ቃል ከመታሰሩ በፊት ስለ ቤተሰቡ ጎረቤት ይጠየቃል። ስለዚህ ሐጂ በሽር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሸኽ ይማም ግቢ ገቡ።

ጦይባ ሲገቡ አየች። ማን ሲገባ አላየች! ዛሬ ግን የሚጠየቀው ስለሷ ነው። ሸኹ አይዋሹም። ስለሷ ምን እንደሚያውቁ ደግሞ ራሷ ነግራቸዋለች፤ የነገረቻቸው ሁሉ የሌላ ሰው ነውር ነበር፣ ነጋሪዋ ግን እሷው ነበረች። ቀስ ብላ ወደ አጥሩ ሄደችና፣ የሸኹ ባለቤት ከማዶ በርበሬ ካሰጣችበት ጥግ፣ ከአንድ ቀዳዳ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ለመስማት አልነበረም። ሰምታ ለመረጋጋት እንጂ።

«ስለ ልጅቷ አንጠራጠርም፣ አደበኛ ናት» አሉ ሐጂ በሽር። «እናትየዋ ግን... ወሬ ትወዳለች ይባላል። እርስዎ ጎረቤቷ ነዎት። ለአላህ ብለው እውነቱን ይንገሩን።»

የሸኹ ጣት በሚቆጥሩት ሙስበሃ ላይ ቆመ። ዝምታው ለጦይባ ከመልስ ይልቅ ከበዳት። «ያ ረቢ፣ ለዛሬ ብቻ አስረሳቸው» ብላ፣ ይበልጥ ተጠግታ፣ በረጅሙ ተነፈሰች። በርበሬው አፍንጫዋ ገባ።

አጥሩ አነጠሰ።

ይህ ብቻ ቢሆን ድመት ነው ተብሎ ባለፈ። ጦይባ ግን ዲን ባለበት ቤት ያደገች ናትና፣ ጥርት ባለ ድምፅ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። አንጥሶ አላህን ላመሰገነ ደግሞ መመለስ ይገባል፤ ሦስቱም እንግዶች ሳያስቡት ወደ አጥሩ ዞረው «የርሐሙኪላህ!» አሉ። ለዚህም መልስ አለው። ጦይባ ሱና ከሚጎድል ብላ «የህዲኩሙላህ» ስትል ከመለሰች በኋላ ነው ምን እንዳደረገች የገባት።

«አጥሩ ነው?» አሉ ሐጂ በሽር።

«አጥር ምን አፍንጫ አለው» አሉ ሸኹ። «የልጅቷ እናት ናት።»

ሐጂው ከዘራቸውን አንስተው ብድግ አሉ። «እንግዲህ ጥያቄያችን ተመለሰ።»

ጦይባ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከጀርባዋ ከቤት ውስጥ የሳህን እጥበት ድምፅ ይሰማል። ሉባባ እያንጎራጎረች ነው፤ ምንም አላወቀችም።

«ይቀመጡ፣ ሐጂ» አሉ ሸኹ። «እዚህ ቤት ነውር ይዞ የገባ ከነዑዝሩ ነው። ነውሩን አምጥተዋል፤ ዑዝሩስ?»

«እኔ ነኝ የማመጣው?»

«የሰፈሩ ሕግ ነው።»

ሐጂ በሽር ጓደኞቻቸውን አዩ። ጓደኞቻቸው መሬት መሬት አዩ። «ምናልባት... በርበሬዋን ልትሰበስብ መጥታ ይሆናል።»

«በርበሬው የኛ ነው።»

«ዶሮ ጠፍቶባት?»

«ዶሮ የላትም።»

«ታዲያ ምን ልበል? እርስዎ ካለዎት ይንገሩኛ!»

«አለኝ» አሉ ሸኹ። «በክረምቱ ውዱእ ሳደርግ አዳልጦኝ ወደቅሁ። ባለቤቴ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ሸኽ ነኝ ብዬ መጮህ አፈርኩ። አይታኝ ይህችን አጥር ሸንቁራ የገባችው ያን ጊዜ ነው፤ ቀዳዳው ያው። ከማንሳቷ በፊት ምን አለች መሰለዎት? ‹ሸኹ ወደቁ! አትፍረዱባቸው፣ ቁርስ አልበሉም!› ብላ ጮኸች። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። በሐፍረት ልሞት ነበር፤ ግን በሰው ትከሻ ወጌሻ ቤት ደረስኩ። ወሬ ትወዳለች ወይ ላሉኝ፣ ትወዳለች፣ አልዋሽም። ዛሬ በእግሬ የምቆመው ግን በዚያች አፍ ነው።»

ሐጂ በሽር ከዘራቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «በኛ ሰፈር ግንቡ ረጅም ነው» አሉ። «የጎን ጎረቤቴ መታመሙን የሰማሁት ጀናዛው ሲወጣ ነው።»

ያን ጊዜ ሸኹ እንዲህ አሉ፦

«የማያያችሁ ጎረቤት አያማችሁም፤ ስትወድቁም አያነሳችሁም።»

ሐጂው ጥቂት አሰቡና ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። «እንግዲያው ልጆቹ ቤት የሚይዙት እዚሁ ሰፈር ነው። ፋቲሓ እንቅራ።» ፋቲሓ ተቀራ፤ ቃሉም ታሰረ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው «አሚን» ከአጥሩ ማዶ ነበር።

የሰፈሩ ሰዎች የሸኹን ቃል በየፊናቸው ፈቱት። የጎረቤትን ነውር ስለመሸፈን ነው ያሉ አሉ። አጥር ስለማሳጠር ነው ያሉም አሉ። የሸኹ ባለቤት በርበሬን ከአጥር ርቆ ስለማስጣት ነው ብላለች፤ እሷም የራሷ ማስረጃ አላት። እኛ ግን በትሕትና የምንለው ይህን ነው፦ ዓይን ያለው ሰፈር አፍም አለው፤ አፉን ዘግቶ ዓይኑን ለማስቀረት የቻለ ሰፈር እስካሁን አልሰማንም።

ጦይባም በዚያው ቀን ተውባ አደረገች። ሐሜት እርግፍ አድርጋ ትታለች፤ አሁን የምታወራው ዑዝር ብቻ ነው።

አላህ ጎረቤቶቻችንን ይጠብቅልን። እነሱስ እኛን መጠበቅ አንድም ቀን አላቋረጡም።