ሰው ያልበላበት ቤት

አንዲት ሴት ነበረች። በደቡብ አገር፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ባለች ትንሽ ከተማ የምትኖር፣ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። ስሟ አመረች ነው። እናንተም ታውቋታላችሁ። ስሟ ሌላ ይሁን እንጂ እዚህ መካከላችንም ተቀምጣለች።

የዚያች ከተማ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጉባኤ ታዘጋጃለች። እንግዳ ከየአገሩ ይመጣል። እራቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ ማደሪያውና የጠዋቱ ቁርስ ግን በየምእመናኑ ቤት። እዚያ ከተማ እንግዳ ያልተመደበለት ቤት፣ ምን ልበላችሁ፣ ከሰው ተራ የወጣ ነው። ልጆች እንኳ እርስ በርስ «እናንተ ቤት ማን አረፈ?» ይባባላሉ።

አመረች ቤት ማንም አርፎ አያውቅም። ለምን? «እንዳትቸገር» ተብሎ ነዋ! የመስተንግዶ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ላምቦሬ ደግ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። በበዓል ዱቄትና ዘይት ተሸክሞ በሯን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ያንኳኳል፣ ያስቀምጣል። «ግባ፣ አንድ ነገር ቅመስ» ስትለው «አይ፣ ቸኩያለሁ» ይልና ይሄዳል። ሁልጊዜ ቸኩሏል! ይገርማል አይደል?

በዚያ ዓመትም ምደባው ተነገረ። እገሌ ቤት እገሌ፣ እገሊት ቤት እገሌ። አመረች የለችበትም። ደሟ ፈላ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ብድግ አለች።

«ወንድም ላምቦሬ፣ እኔስ?»

«እህት አመረች፣ አንቺን እንዳናስቸግር ብለን እኮ ነው።»

«መቼ ተቸገርኩ አልኩህ? እንግዳ ስጠኝ!»

ሰዉ ተንሾካሾከ። ዓይኗን በጨው ታጥባ የመጣች፣ አሏት። ላምቦሬም ጨነቀውና ወንጌላዊ ኤርጫፎ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ መደበላት።

እንግዲህ ነጋ። ቁርስ! ቤት ውስጥ እንቁላል የለም። ጨጨብሳ እንዳትሠራ ቅቤ የለም። ጓሮ ግን ስኳር ድንች አለ፤ አጥሩ ጥግ አቮካዶ አለ፤ ጣሳ ውስጥ ለውዝ አለ። አመረች ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ነው። ስኳር ድንቹን ትቀቅልና ልጣ ታደቅቀዋለች፤ ተቆልቶ ከተወቀጠው ለውዝ ጋር ታሸዋለች፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ፍም ላይ ትጋግረዋለች። አቮካዶውን በሎሚና በሚጥሚጣ ትመታና ከጎኑ ታቀርባለች። ይህ ምን ይባላል? ስም የለውም። የትም ቤት አይሠራም።

እየሳቃችሁ ነው? ሳቁ! እሷ ግን ያን ጠዋት አልሳቀችም። ሽማግሌው ምን ይሉ ይሆን? ከእንግዲህስ እንግዳ ይሰጡኝ ይሆን? እንቁላል ከጎረቤት ልትበደር ነጠላዋን አነሳች። መልሳ ሰቀለችው። «ልጆቼ የሚበሉትን ይበላሉ!» አለች፣ ለራሷ።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ላምቦሬ ነው። በአንድ እጁ ፔርሙዝ፣ በሌላው ፌስታል። ሚስቱ የሠራችው የእንቁላል ፍርፍር፣ ትኩስ ዳቦ፣ ማርማላታ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኸው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት በያቸው» አላት።

እስቲ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ደግነት ነው አይደል? ከዚህ የበለጠ ደግነት አለ?

«አልቀበልም!» አለች አመረች። «ዱቄት አመጣህልኝ፣ ተቀበልኩ። ዘይት አመጣህልኝ፣ ተቀበልኩ። እግዚአብሔር ይስጥህ። ለእንግዳዬ ግን የራሴን ነው የማበላው።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ይሰማሉ...»

«ይስሙ! አንተ ስንት ዓመት ሙሉ ከደጄ ተመለስክ? እጄ የነካውን አንድ ቀን ቀምሰህልኛል? ለኔ አዝነህ ነው ወይስ ተጠይፈኸኝ?»

ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ማን ነው? ይግባ እንጂ! ቁርስ ደርሷል።»

ላምቦሬ ሰዓቱን አየ። አመረች መንገዱን ዘጋችበት። ምን ያድርግ? ገባ። ፌስታሉን ከወንበሩ ሥር ሸጎጠና ተቀመጠ።

ሽማግሌው ቅጠሉን ፈተው ቀመሱ። «እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም» አሉ። ጥቂት አላመጡና «ሚጥሚጣው ግን በዝቷል፣ ልጄ» አሉ። ይህን እያሉ እጃቸው ወደ ሁለተኛው ቅጠል ሄዷል!

ላምቦሬስ? አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ቀና ሲል ልጆቹ አፉን ያያሉ። ትልቋ ልጅ «ጋሼ፣ ጨምር እንጂ! አፈር ስሆን!» አለችው። ሰው ቤታቸው ገብቶ ሲበላ አይታ የማታውቅ ልጅ፣ እንደ ትልቅ ሴት እንግዳዋን ታግደረድራለች። እንባው መጣ።

«አመረች፣ ይቅር በይኝ...»

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? መርዳትማ ትረዳላችሁ። ልብስ ትሰጣላችሁ፣ ዱቄት ትሰጣላችሁ፤ ጎሽ። ከረዳችሁት ሰው ቤት ግን ገብታችሁ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ እናንተም ሁልጊዜ ቸኩላችኋል? ጌታችን ሰው ሁሉ የተጠየፋቸው ሰዎች ቤት ገብቶ የቀረበለትን በላ። ፔርሙዝ ይዞ አልሄደም!

አንቺስ እህቴ፣ አንተስ ወንድሜ፣ «ለሰው የሚቀርብ ነገር የለኝም» ብላችሁ በራችሁን የዘጋችሁ? ማን ነው የእናንተ ምግብ ምግብ አይደለም ያላችሁ? እናንተ የምትበሉትን አቅርቡ! የሚያፍር ይፈር፤ እናንተ አትፈሩ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ስትሰጡት እንጂ ከእጁ ስትቀበሉ የማታውቁትን ያን ሰው በር ላይ ያዙት። «ነገ ጠዋት ቁርስ አንተ ቤት ነኝ» በሉት። ይደነግጣል፤ ይደንግጥ። ባዶ እጃችሁን ሂዱና ብሉ።