ጌትዬ የዘሀራን ካሜራ ያጸዳ ጊዜ

ሰው አባባል ሲሰማ ይስቃል እንጂ ያቺ ቃል ከማን አንጀት እንደወጣች አይጠይቅም። በእኛ በሐይቅ ከተማ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ሰው አጥፍቶ ሲያበቃ ደረቱን ነፍቶ ሲከራከር ሁላችንም የምንላት አንዲት ቃል አለች። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ሲሰማት ከጥንት አባቶች የወረደች ተረት ትመስለዋለች። አይደለችም። ስትወለድ እኔ እዚያው ነበርኩ። ነገሩን ባነሳሁት ቁጥር ደሜ ስለሚፈላ ድምፄ ከፍ ካለ ከወዲሁ ይቅር በሉኝ።

ዘሀራ ፎቶ አንሺ ናት። ስቱዲዮዋና የእኔ የልብስ ስፌት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ስትስቅ እሰማታለሁ፣ ማሽኔ ሲነጫነጭ ትሰማኛለች። ቤሩት ሰው ቤት ስትለፋ ኖራ ስትመለስ ሌላው ይዞት በመጣው ብር ቤት ሠራ፣ ባጃጅ ገዛ፤ እሷ ካሜራ ገዛችበት። «አበደች» ያላት ብዙ ነበር። ውሎ አድሮ ግን የከተማው ሙሽራ ሁሉ በዚያች ካሜራ ፊት ቆመ። እናቷን ያስተዳደረችው፣ ወንድሟን ያስተማረችው በእሷ ነው። ስታስቀምጣት እንኳ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ነበር።

ጌትዬ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚሸጥ፣ እጀ ሰፊና ተጫዋች ሰው ነው። አንድ ክፉ አመል አለው፤ የሰው ዕቃ አይቶ ሳይነካ ማለፍ አይችልም። የማይፈታው ነገር የለም፤ ፈትቶ የገጠመውን ግን ያየ የለም። የመስጊዳችንን ኢማም የሼህ እንድሪስን ሬዲዮ «ድምፁን ላጥራልዎ» ብሎ ዲዳ አድርጎታል። የእኔን መተኮሻ አንድ ቀን «ሙቀቱን ላስተካክልልህ» ብሎ ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ሱሪ ስተኩስ በፍርሃት ነው። ሰውየው ለሰርግም ለለቅሶም ቀድሞ የሚደርስ ስለሆነ ሁላችንም አፋችንን ይዘን ኖርን። ጥፋቱ የኛም ነው መሰለኝ።

የጌትዬ ትንሽ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት የምትመረቅበት ቀን ደረሰ። ዘሀራ ደግሞ እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ውጫሌ መሄጃዋ ነው። ጌትዬ መጣና ለመናት።

«ካሜራሽን አውሺኝ። እኔው አነሳታለሁ፤ ልጄ አይደለች?»

ለማንም የማታውሰውን ዕቃ ለልጅቷ ብላ ሰጠችው። ስትሰጠውም እኔ ሱሪ እየለካሁ በራፌ ላይ ነበርኩና ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ጋሽ ጌትዬ፣ ሰማይ ያለበት ፎቶ ስታነሳ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታይሃለች። አቧራ ናት። ከሌንሱ ጀርባ፣ ካሜራው የሚያይበት ሴንሰር የሚባል አለ፤ ዓይኑ በለው። እሱ ላይ ነው ያረፈችው። ምንም አትልም፣ ከአረፋ በኋላ ደሴ ወስጄ በባለሙያ አስጠርጋታለሁ። አንተ ብቻ ሌንሱን እንዳትፈታው፣ አደራ!»

«ምን ነካሽ ዘሀራ? ሕፃን አደረግሽኝ እኮ!» ብሎ ሳቀ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን የሰማነው ዘግይተን ከሚስቱ ከብርቄ ቢሆንም በተራው ልንገራችሁ። ጌትዬ ልጁን በጥቁር ካባዋ ከላይም ከታችም አንስቶ ቤቱ ገባ። ፎቶዎቹን ሲያይ ያቺ ነጥብ ሰማዩ ላይ ዝንብ መስላ ተቀምጣለች። እጁን በላው።

«ይቺን ለማን ትተዋለች? አሁን ነው የማወጣት» አለ።

«ተው አንተ ሰውዬ፣ የሰው አደራ ነው» አለችው ብርቄ።

«ደሴ ድረስ ከምትንከራተት ጸድቶ ቢጠብቃት ምን አለበት?»

ስልኩን አውጥቶ አንድ ፈረንጅ ካሜራ ሲያጸዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተ። ፈረንጁ የሚያወራውን ክፍል እያሳለፈ እጁን ብቻ አየ። ሰውየው የያዘው ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መጥረጊያና ፈሳሽ ነበር፤ ጌትዬ ግን የጆሮ ጥጥ አመጣ። ፈሳሹን ደግሞ ብርቄ የጥፍር ቀለም ከምታስለቅቅበት ከአሴቶኑ ቀዳ! ሌንሱን ፈታና ያንን በመስታወት የተሸፈነ ስስ ዓይን እንደ ድስት ክዳን ያሸው ጀመር። ነጥቧ መልቀቅ ቀርቶ ቦታው ደብዘዝ አለ። ይሄኔ ሰው ይተዋል። እሱ ግን ጫን አለ። ጥጡ ተልጦ አልቆ በባዶው እንጨት እየጫረ እንደሆነ ያወቀው ድምፁን ሲሰማ ነው።

ሌንሱን ገጠመና ለሙከራ ነጩን መጋረጃ ፎቶ አንስቶ አየ። መጋረጃው መሃል ላይ ጉም የመሰለ ነገር ተኝቷል፤ በጉሙ ላይ ድመት የቧጠጠው የመሰለ ጭረት ያልፋል። ብርቄ ከትከሻው በላይ አየችው።

«ተበላሸ አይደል? ሄደህ ንገራት። ዛሬውኑ ንገራት» አለችው።

«ዝም በይ! ሲደርቅ ይለቃል» አለና ካሜራውን ወደ ቦርሳው መለሰ።

ልብ በሉልኝ! እስከዚህ ድረስ የሆነው ስህተት ነው። እጅ ይስታል፤ እኔም ስንቱን ጨርቅ በመቀስ አበላሽቼ ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። በማግስቱ ያደረገውን ግን ምን ልበለው? ዘሀራ ስትመለስ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ማንጎ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ! ምን የመሰለ ካሜራ ነው!» ብሎ አስረከባት። መርቃው ተለያዩ።

ሌላ ፎቶ ሳታነሳበት አረፋ ደረሰ፤ በዕለቱ እማማ ጦይባ ዘሀራን አስጠሩ። እማማ ጦይባ ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው አሮጊት ናቸው። አንዱ ሰመራ፣ አንዷ አዳማ፣ የበኩር ልጃቸው ሙሄ ደግሞ ጅዳ። ሙሄ ከአገር ሲወጣ ጢም አልነበረውም፤ በዚያ አረፋ ጢሙ ሸብቶ መጣ። ሁሉም በአንድ ጊዜ እናታቸው ግቢ ሲገናኙ ሰፈሩ ሁሉ አለቀሰ። እማማ ጦይባ ልባቸውን ያማቸው ነበርና እንዲህ ያለ ቀን እንደማይደገም እሳቸውም ልጆቻቸውም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

«ከልጆቼ ጋር አንሺኝ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ አድርጊልኝ። ሙሄም ይዞት ይሂድ» አሏት።

ከዋርካው ሥር መሃል ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከበቧቸው። ሁሉም ፎቶው ውስጥ ስለገባ በስልኩ ያነሳ እንኳ አልተገኘም። ደግሞስ ዘሀራ እያለች ማን በስልክ ያነሳል! አነሳች፣ ደጋግማ አነሳች። በካሜራዋ ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ልታይ ብትሞክር ፀሐዩ አንጸባርቆባት ደህና መሰላት። ሙሄ የዚያኑ ዕለት መመለሻው ነበርና የእናቱን ጉልበት ስሞ ወደ ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የሚወስደው መኪና ውስጥ ገባ። «ፎቶውን በስልክ ላኪልኝ፣ ትልቁን በሰው እወስደዋለሁ» አላት።

ዘሀራ ስቱዲዮዋ ገብታ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ከግድግዳው ማዶ የሰማሁት ድምፅ ሰው የሞተባት ሴት ድምፅ ነው። ሮጬ ገባሁ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ ያው ቦታ፣ ያ ጉምና ያ ጭረት። ቦታውም መሃል፤ መሃል ላይ ያሉት ደግሞ እማማ ጦይባ። የልጆቹ ሳቅ ሁሉ ይታያል። የእናታቸው ፊት የለም።

ሙሄ ጋ ደወለች። ስልኩ ተዘግቷል፤ በሰማይ ላይ ነበር።

ካሜራውን ደሴ ወሰደችው። ጠጋኙ በመብራት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ አቧራ አይደለም፤ ተፍቋል፣ ገላው ተልጧል። ይሄን ከመቀየር ሌላ ካሜራ መግዛት ይሻላል። ማነው የነካው?» አላት። ተመልሳ በቀጥታ ወደ ጌትዬ ሱቅ ሄደች። አልጮኸችም።

«ጋሽ ጌትዬ፣ ነክተኸው ነበር? ንገረኝ ብቻ።»

«እኔ? እጄን ይቁረጠው!»

ይህም አልበቃውም። ጫማ ሊለካ ለመጣው ሁሉ «ዘሀራ እኮ ማንሳት ረስታለች፤ የእነ እማማ ጦይባን አበላሽታ በሰው ታላክካለች» ይል ጀመር። ቀን ቆርጠው የነበሩ ሙሽሮች ሌላ ፎቶ አንሺ ፈለጉ። ዘሀራ ስቱዲዮዋን ዘግታ ውስጥ ስትቀመጥ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ዝምታ ማሽኔን አላስኬድ አለኝ። ሼህ እንድሪስን የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለቱንም እማማ ጦይባ ግቢ ጠሯቸው፤ ሰፈርተኛውም ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ጌትዬ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ሼህ፣ እኔ ምን ልበል? አሮጌ ዕቃ ታውሳለች፣ ሲበላሽ ሰው ትከሳለች። እንዳመጣሁት መለስኩላት። ምስክር ካላት ታምጣ!»

ዘሀራ ልትናገር አፏን ከፍታ እንባዋ ቀደማት። ያኔ ነው ብርቄ ከሴቶቹ መሃል የተነሳችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አደረገች።

«በቃ ጌትዬ! እኔ ነኝ ምስክሯ።»

«አንቺ ሴት፣ ተቀመጪ!»

«አልቀመጥም! ያ ሁሉ አሴቶን ያለቀው ጥፍርህን ተቀብተህ ነው? ተው አላልኩህም? መጋረጃውን ፎቶ አንስተህ መበላሸቱን በዓይንህ አላየህም? ዛሬውኑ ንገራት አላልኩህም? የእኝህ እናት ፊት ሲጠፋ ዝም ብዬ እንጀራህን በላሁ፤ ከእንግዲህ አልችልም!»

 እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔም አዘንኩለት። አሁን አንገቱን ይደፋል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፣ ዘሀራም ትምረዋለች፣ ሁላችንም እንመርቃለን ብዬ ጠበቅሁ። ሼህ እንድሪስም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲህ ጌትዬ፣ አጥፍቻለሁ በል። ሌላ ያለህ የለም» አሉት።

ጌትዬ ብድግ አለ።

«ብነካውስ? ለማን ብዬ ነው? ለእሷው! ደሴ እንዳትንከራተት ብዬ ቤቴ ቁጭ ብዬ የለፋሁት እኔ! ምስጋና ነው ክስ የሚገባኝ? ደግሞ ካሜራ ካሜራ ትላላችሁ፤ በጥጥ የሚበላሽ ዕቃ ምን ዕቃ ነው? ደህና ቢሆን ይችለው ነበር! ከሳሽ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ስሜን ያጠፋችሁት!»

የመጨረሻውን ቃል ለአባባሏ ባለቤት መተው ስለምፈልግ በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ጌትዬ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀም። ሱቁ አለ፣ ጫማው ይሸጣል፤ ዕቃውን የሚያስነካው ሰው ግን የለም። ዘሀራ ደሴ ካለች ፎቶ አንሺ ጓደኛዋ ካሜራ ተውሳ እንደገና ጀመረች፤ ሙሽሮቹም አፍረው ተመለሱ። እማማ ጦይባን ከቀሩት ልጆቻቸው ጋር ልታነሳቸው ብትለምናቸው «ሙሄ የሌለበትን ምን ላድርገው?» ብለው እምቢ አሉ። የሚቀጥለውን አረፋ አልደረሱም። ሙሄ ጅዳ ሆኖ መርዶውን ሲሰማ ያንኑ የተበላሸውን ፎቶ እንዲልኩለት ለመነ፤ ጉሙን እያየ ፊታቸውን በልቡ ይሞላዋል አሉ።

ያን ዕለት ግን እማማ ጦይባ በሕይወት ነበሩ፤ ከመደባቸው ላይ በምርኩዛቸው ተደግፈው የጌትዬን ጩኸት እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሼህ እንድሪስ ዞር ብለው፣ «እማማ፣ የተበደሉት እርስዎም ነዎት። ምን ይላሉ?» አሏቸው።

እማማ ጦይባ ጌትዬን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት፤ ሰፈር ሙሉ በሚሰማ፣ ነገር ግን ቁጣ በሌለበት ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «እኔማ ምን እላለሁ ልጆቼ፤ ጉድፍ ሊያወጣ ዓይን አወጣ፣ ሲጠይቁት ዓይን አውጣ!»