ውስጥ የሌለው በር

ወይና ገደል በምትባለው መንደራችን ሥራ ላይ ያለን ሰው ሰላም ማለት ነውር ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ሲወረውር፣ አናጢው እንጨቱን ሲጠርብ ያየ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል እንጂ «እንደምን ዋልክ» አይልም። ያላለቀ ሥራ አይቶ «እጅህ ይባረክ» ያለማ ለጠብ እንደመጣ ይቆጠራል። ይህን የማያውቁ እንግዶች ኩራተኞች ይሉናል። ኩራት አይደለም፤ እፍረት ነው። የእፍረቱም መነሻ ከመንደሩ በላይ ገደሉ ላይ የተፈለፈለው ትልቁ በር መሆኑን አባቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ወይና ገደል ቤተ ክርስቲያን አልነበራትም። ክርስትና ለማንሳትም ሆነ ሬሳ ለማሳረፍ የጥቁሬን ወንዝ መሻገር ግድ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሬ ይሞላና መንገዱ ይዘጋል፣ የሞተውም እንደነገሩ በሜዳ ይቀበራል። ይህ ያንገበገባቸው ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ከአለቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲፈለፍልላቸው ዘወልድ የተባለውን የመንደሩን ልጅ ለመኑት። ዘወልድ መሮው ድንጋዩን እንደ ቅቤ ይቆርጠዋል የሚባልለት ጠራቢ ነበር። እናቱ ወለተ ሩፋኤል ያለ አባት ያሳደገችው አንድያ ልጇ ነው፤ ሥራውን የተቀበለ ዕለት በደስታ አለቀሰች ይባላል፤ ባሏን በክረምት ሜዳ ላይ የቀበረች ሴት ነበረችና።

በመጀመሪያው በጋ በሩን ሠራ። በመቃኖቹ ላይ የወይን ሐረግ፣ ከጉበኑ በላይ ሁለት እርግቦች ቀረጸ፤ የዚያ ዓይነት ሥራ ያየ ሰው በአካባቢው አልነበረም። ሕዝቡ እልል አለ፣ ከሩቅ አገርም ሰው እየመጣ አየለት። ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሰርግ ያለበት «አለቃ ዘወልድ ካልመጣ አይሞቅም» አለ። የተጣላ ለእርቅ ጠራው፤ ባላባቱ ለእልፍኙ መስኮት ለመነው፣ እሱም እሺ ብሎ ጀምሮ ተወው። በየድግሱ ዋንጫውን ይዞ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሲያወራ፣ ዓምዱ እንዲህ፣ ቅስቱ እንዲያ ሲል፣ ሰሚው ሁሉ ገብቶ ያየ ያህል ይሰማው ነበር፤ ለራሱም ሳይሰማው አልቀረም። ዛሬ ዓምዶቹን አራት አደርጋለሁ ይላል፤ ነገ ስድስት ይሁኑ ይልና በከሰል የሣለውን ያጠፋዋል። እንዲህ እያለ በጋው በበጋ ላይ አለፈ። አያቶቻችንም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ ጠላውን ይቀዱለት የነበሩት እነሱ ናቸው።

ጠያቂ ሲበዛበት በሩ ላይ መጋረጃ ሰቅሎ፣ ያላለቀ ሥራ ዓይን ይወጋዋልና ማንም እንዳይገባ አለ። ጠዋት ጠዋት ገብቶ መሮውን ኳ ኳ ሲያደርገው ስለሚሰማ ሕዝቡ አመነው። ከአለቱ የሚወጣ ፍርስራሽ አለመኖሩን ያስተዋሉ ጥቂቶች ነበሩ ይባላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ በር የሠራን እጅ መጠርጠር አሳፈራቸውና ዝም አሉ።

በአንዱ ሐምሌ፣ ጥቁሬ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳለ፣ ወለተ ሩፋኤል ታመመች። መዳን እንደሌላት ስታውቅ ልጇን አስጠርታ፣

«ልጄ፣ ውስጡ አለቀ?» አለችው።

ዘወልድ ዓይኗን አየና አላስቻለውም።

«አልቋል፣ እማዬ» አላት።

በማግስቱ ተነስቶ ያለ ዕረፍት ሊሠራ በልቡ ምሎ ነበር ይባላል፤ ሞት ግን ማግስቱን አልሰጠውም። እናቱ ጎረቤቶቿን ሰብስባ «እንግዲህ ወንዝ ዳር አታንገላቱኝ፤ ከልጄ ሥራ ውሰዱኝ» ብላ ተናዝዛ፣ ፊቷ እየበራ አረፈች።

ሬሳው ሲነሳ ዘወልድ «ግድ የለም፣ ወንዙን እንሞክረው» እያለ በሸካሚዎቹ ፊት ተንከራተተ። በመንደሩ የሚኖሩት ቄስ አባ ዘሚካኤል ሐዘን ያናገረው መስሏቸው «ተው ልጄ፣ ኑዛዜዋን አናፈርስም» አሉት። ሕዝቡ እያለቀሰ ገደሉን ወጣ፤ መጋረጃውም ተገለጠ።

ከመጋረጃው ኋላ አለት ነበር። አንድ ሰው ጎኑን የሚያሳርፍባት ጠባብ ቦታ ብቻ ተፈልፍላ፣ አጎዛ ተነጥፎባታል።

ሸካሚዎቹ ሬሳውን መሬት ላይ አሳረፉ። ዘወልድ ቢሰድቡት፣ ቢደበድቡት በወደደ ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። የእናቱ ጎረቤት ቀረብ ብላ «እንኳንም ሳታይ ሞተች» አለችው። ፍትሐቱ በዝናብ ውስጥ ከበሩ ፊት ተደረሰ፤ እሷም ከገደሉ ሥር ተቀበረች።

ከዚያ ወዲያ ዘወልድ ትልቁን በር ቀና ብሎ ማየት አልቻለም ይባላል። ከጎኑ፣ ጎንበስ ካላሉ የማያስገባ ቀዳዳ ከፍቶ ወደ ውስጥ መፈልፈል ጀመረ። ጎህ ሲቀድ ይገባል፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ አቧራ ለብሶ ይወጣል፤ ሰርግም ለቅሶም አይደርስም፤ ሰላም ሲሉት አይመልስም። መጀመሪያ ተቀየሙት፤ ኋላ ግን ፍርስራሹ ከደጁ ሲቆለል እያዩ ሰላም ማለቱን ተዉት። ሐረግ የለ፣ እርግብ የለ፣ ግድግዳውን ልሙጥ አድርጎ ጨረሰው። ሲጨርስ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

ታቦቱ የገባ ዕለት ሕዝቡ ሊያመሰግነው ቢፈልገው ከእናቱ መቃብር አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ አገኙት። አባ ዘሚካኤል እጁ ገና መሮ መያዝ እንደሚችል አይተው፣ «የትልቁንም በር ውስጥ በዚያው ብትጨርሰውሳ?» አሉት።

«እሱማ አልቋል፣ አባ» አለ። «ለእናቴ አልቋል ብያታለሁ።»

ቅዳሴ ዛሬም የሚቀደሰው በዚያች ልሙጥ ቤት ነው። እንግዳ ሲመጣ ትልቁ በር ፊት ቆሞ አፉን ከፍቶ ያደንቃል፣ የሠራውንም ስም ይጠይቀናል። እኛም ስሙን አንናገርም፤ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ጎንበስ ብለን በትንሿ እንገባለን።