የሐጂ ሙህዲን ፎቅና የእትዬ መሬማ መስኮት

በአንዲት የቆየች ከተማ ሐጂ ሙህዲን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ሰዎቿ «እኛ እንዲህ አይደለንም» እያሉ ነገሩን ያራዝሙብኛል። ሐጂ በጉልምስናቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሲያረጁ ሱቁን ለታላቅ ልጃቸው ለቀው ከመስጂድና ከኪታብ ጋር ዋሉ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ውርስ ላይ ሲካረሩ የሚኬደው እሳቸው ዘንድ ነበር። የተናገሩት ቃል እንደ ፍርድ ይቆጠርላቸዋል። ይህ ታላቅ ኒዕማ፣ የአሏህ ጸጋ ነው፤ ሆኖም ኒዕማ ሁሉ የራሱ ፈተና እንዳለው አንባቢ አብሮኝ እንዲያይ እፈልጋለሁ።

ሐጂ ቤት መሥራት ፈለጉ። የነበሩበት የጭቃ ቤት ግድግዳው ተሰንጥቆ ጣሪያው ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። የመጨረሻ ልጃቸው ሙነወር ደግሞ ኒካሕ አስሮ ሙሽራዋ ገና በአባቷ ቤት ነበረች። አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ልጄን የምሰጣችሁ የራሷ በር ያለው ክፍል ሲኖራት ነው» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ሙነወር ይህን ክፍል እንደ ዒድ ጨረቃ ይጠብቀው ነበር። ሐጂም ራሳቸው ለሚስታቸው ለወይዘሮ ነፊሳ ብቻ የነገሯቸው አንድ ምኞት ነበራቸው፤ የመስጂዱ ጀመዓ መውሊድ ሲያወጣ ግማሹ ሰው ውጭ ዝናብ ላይ የማይቀርበት ሰፊ ሳሎን። ስለዚህ ፕላኑ ሲነደፍ ከታች ሳሎኑና የሽማግሌዎቹ መኝታ፣ ከላይ ፎቁ ላይ የሙነወር ቤት ተደረገ።

በዚያች ከተማ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት ሰውን የሚያስመርር ነገር ነው። ካርታ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ለኪው መጥቶ ይለካል፣ ፕላኑ ይታያል፣ ከዚያ አዋሳኝ ጎረቤቶች «ተስማምተናል» ብለው መፈረም አለባቸው። እዚህ ላይ ስንቱ ቤት ቆሞ ቀርቷል። አንዱ ጎረቤት ከዓመታት በፊት የሞተበትን ዶሮ አስታውሶ አልፈርምም ይላል። የሐጂ ሲሆን ግን ነገሩ እንደ ቅቤ ቀለጠ። ለኪው ሜትሩን በወጉ ሳይዘረጋ ጨረሰ፣ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው፣ ጎረቤቶችም ፕላኑን ገልጠው ሳያዩ ፈረሙ። የሐጂን ፕላን ገልጦ ማየት እሳቸውን መጠራጠር መሰላቸው።

ወረቀቱ ብቻ አይደለም። የከተማዋ ሙስሊሞች የቆየ ልማድ አላቸው፤ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ጎረቤት ሁሉ ባዶው መሬት ላይ ይሰበሰባል፣ ባለቤቱ «ሐቁ የሚነካበት ካለ አሁን ይናገር» ይላል፣ የሚናገር ይናገራል፣ ከዚያ ዱዓ ይደረጋል። ሐጂም ቆመው ይህንኑ ጠየቁ። ነገር ግን ጥያቄው ከአፋቸው ወጥቶ ሳያልቅ ኢማሙ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓውን ጀመሩ፣ ሕዝቡም ተከትሎ «አሚን!» አለ። ጥያቄው በአሚን ተዋጠ። ሐጂ ያን ቀን ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሥራው ተጀመረ። ሸምሱ የሚባል ግንበኛ መሠረቱን አወጣ፣ የድንጋዩ ግድግዳ ቆመ፣ አርማታው የተሞላ ዕለት የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ተራ ገብቶ ሲሚንቶ ሲያቀብል ዋለ። ከዚያም ከአርማታው በላይ የፎቁ ብሎኬት መደርደር ጀመረ። የሙነወር አማት አንድ ቀን በዚያ ሲያልፉ ቀና ብለው አይተው ፈገግ አሉ ይባላል። ብሎኬቱ የፎቁ መስኮት አናት ላይ ሲደርስ ግን ሐጂ ሙህዲን ሥራውን አስቆሙት።

ከተማው ጉድ አለ። ገንዘብ አልቆባቸው ነው ያሉ ነበሩ። ከሸምሱ ጋር ተጣልተው ነው ያሉም ነበሩ። አንዲት ሴትዮ፣ አሏህ ይማራትና፣ መሬቱ ላይ ጅን አለበት ብላ እስከ ገበያው ድረስ አዳረሰችው። እኔም ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትቼ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ ፈቃድ ያለው፣ ዱዓ የተደረገበት፣ ሁሉም የወደደው ቤት ለምን ይቆማል? መልሱን ያገኘሁት ከራሱ ከሸምሱ ነው። ሐጂ ያን ዕለት ጧት መወጣጫው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ ጠየቁት።

«ሸምሱ፣ በዚህ ከተማ ብዙ ቤት ሠርተሃል። ጎረቤት ያልተጨቃጨቀበት አንድ ስንኳ አለ?»

ሸምሱ ሳቀ። «የት ተገኝቶ ሐጂ! አንዱ አሸዋው በሬን ዘጋው ይላል። አንዱ ጠፈጠፉ ግቢዬ ገባ ይላል። መዶሻው ልጄን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው ብሎ ቀበሌ የከሰሰኝም አለ።»

«የእኔስ?»

«የአንቱማ ማንም ትንፍሽ አላለም።»

«እሱ ነው የጨነቀኝ» አሉ ሐጂ። «የእኔ አሸዋ በር አይዘጋም? የእኔ መዶሻ ድምፅ የለውም? ይህ ዝምታ ከየት መጣ? እስቲ ሄጄ ልይ።»

በማግሥቱ ወይዘሮ ነፊሳን አስከትለው ጎረቤት ለጎረቤት መዞር ጀመሩ። በየቤቱ የሚጠይቁት ነገር ሰውን ግራ አጋባው፤ «አስደስቷችኋል ወይ?» አይሉም፣ «ቅሬታ አላችሁ ወይ?» አይሉም። «እናንተ የምትቀመጡበት ቦታ ላይ ትንሽ ልቀመጥ» ነበር የሚሉት። በምዕራብ በኩል ያለው ጎረቤት ዘንድ ተቀምጠው ውኃው የሚወርድበትን አዩ፤ አሸንዳ እንዲሠራ አዘዙ። ሌላው ዘንድ ምንም አላገኙም፤ ሻይ ጠጥተው ወጡ። በመጨረሻ እትዬ መሬማ ቤት ደረሱ።

እትዬ መሬማ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። አንድ ክፍል ቤታቸው ከሐጂ ግቢ በስተጀርባ ተጠግታ ቆማለች። የሚተዳደሩት የሶላት ኮፍያ በእጃቸው እየጠለፉ በመሸጥ ነው። ለዒድ የእሳቸውን ኮፍያ ያላደረገ ሽማግሌ በዚያ ሰፈር አይገኝም። ሐጂና ወይዘሮ ነፊሳ ሲገቡ መሬማ በሩ ደፍ ላይ፣ ግማሽ አካላቸው ውጭ ሆኖ ተቀምጠው ይጠልፉ ነበር። ድንግጥ ብለው ተነሱ።

«አትነሺ ልጄ» አሉ ሐጂ። «ደፉ ላይ ለምን ተቀመጥሽ? ቦታሽ መስኮቱ ሥር አልነበር?»

«እዚህ ይሻለኛል ሐጂ። አየሩም ጥሩ ነው።»

«እስቲ ለእኔ ስትይ እዚያው ተቀመጪና መርፌሽን ክር አግቢባት።»

እትዬ መሬማ መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። የቤቲቱ መስኮት አንዲት ናት፤ በእሷ በኩል የሚታየው አሁን የሐጂ ብሎኬት ብቻ ነበር። ክሩን በከንፈራቸው አረጠቡና ሞከሩ። ክሩ መርፌዋን ስቶ አለፈ። ደግመው ሞከሩ፤ አልገባም። ሳቅ ብለው «ዓይኔ አርጅቷል እኮ፣ ሐጂ» አሉ።

ወይዘሮ ነፊሳ እጃቸውን ይዘው ወደ ግቢው አወጧቸው። ፀሐይዋ ላይ ክሩ ወዲያው ገባ። ሐጂ መርፌዋን ተቀብለው ትንሽ አገላብጠው አዩዋትና መልሰው ሰጧቸው።

«ክረምት ሲገባስ ደፉ ላይ እንዴት ልትቀመጪ ነው?» አሉ።

እትዬ መሬማ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። «ክረምት ሳይገባ እህቴ ዘንድ ገጠር ልሄድ አስቤ ነበር። ቤቲቱን ዘግቼ።»

«ባልሽን የቀበርሽበትን ሰፈር ትተሽ?»

እትዬ መሬማ ክሩን ጣታቸው ላይ ይጠመጥሙ ጀመር።

«መሬማ፣ ታዲያ ለምን ፈረምሽ?»

«ለአንቱ እምቢ ማለት ሐራም መሰለኝ» አሉ።

ወይዘሮ ነፊሳ በኋላ እንደተናገሩት፣ በትዳር ዘመናቸው ሐጂ በሰው ፊት ሲያለቅሱ ያዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሲሄዱ በመንገድ ላይ «ነፊሳ፣ ለካ ፈቃዱን ያወጣው ስሜ ነው» አሉ። «ሰዎቹማ መች ተጠየቁ?»

እዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ነው፤ ከባዱ ሙነወር ነው። ልጁ አባቱን የሚያከብር ጨዋ ልጅ ነበር፣ ሚስቱን ግን ይወዳል፣ ጥበቃውም አንገፍግፎታል። አባቱ ፎቁ እንደሚፈርስ ሲነግሩት ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈቅዷል። እትዬ መሬማ በእጃቸው ፈርመዋል። ሰው ሁሉ አሚን ብሏል። ከዚህ በላይ ምን አለ?»

«ከዚህ በላይ መሬማ አለች።»

«እኔስ የለሁም?»

ሐጂ ይህን ጥያቄ ቀላል አላደረጉትም። እንደ አንዳንዱ አባት «ሶብር አድርግ፣ ታገሥ» ብለው ልጁን በቁርኣን አንቀጽ አላፈኑትም። «አለህ» አሉት። «ሐቅህም አለ። አንተን በድዬ ለእሷ ብሰጥ ያው በደል ነው። ሳሎኑን ውሰደው። መሐሉን እንከፍለዋለን፣ በመንገዱ በኩል ለሚስትህ የራሷን በር እናወጣላታለን።»

ሙነወር ሳሎኑ ለአባቱ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እናቱ ሹክ ብላዋለች። ቁጣው ወዲያው በረደ፤ «ኧረ አይሆንም አባባ» ማለት ጀመረ፣ ሐጂ ግን ሸምሱን ለመጥራት ተነስተው ነበር።

የፎቁ ብሎኬት አንድ በአንድ ወረደ። በእሱው ሳሎኑ ለሁለት ተከፈለ። ይህን ጊዜ ደግሞ ጀመዓው ቅር አለው። ለካ ሳሎኑን የሚጠብቁት ሐጂ ብቻ አልነበሩም። ኢማሙና ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ፤ የመጡት ለመውቀስ እንደሆነ ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል።

«ሐጂ» አሉ ኢማሙ፣ «የአንዲት ሴት መስኮት ትልቅ ነገር ነው፣ እሺ። ግን ስንት ሰው ዱዓ የሚያደርግበትን ቤት ነው ያጠበቡት። መውሊዱስ? አጅሩስ፣ ምንዳውስ? ቢያመዛዝኑት አይሻልም ነበር?»

ሐጂ ሙህዲን እንዲህ አሉ።

«ዱዓ ጣሪያ አይፈልግም። መርፌ ግን ብርሃን ትፈልጋለች።»

ሙሽራይቱ ክረምት ሳይገባ በራሷ በር ገባች። እትዬ መሬማም ገጠር አልሄዱም።

እኔ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አገላብጬዋለሁ። ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ጎረቤት ሐቅ ነው፤ ዲናችን ስለ ጎረቤት የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየጁሙዓው እንሰማዋለን። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላው ነው። ዒባዳችን፣ አምልኳችን ራሱ የሰው መስኮት ሊጋርድ ይችላል። ሐጂ ለጭፈራ ቤት ሊሠሩ አልነበረም፤ ያሰቡት ኸይር፣ በጎ ነገር ነበር፣ እትዬ መሬማንም ዝም ያሰኛቸው ያው የሐጂ ኸይርነት ነው። ሐጂ መጥፎ ጎረቤት ቢሆኑ ኖሮ እትዬ መሬማ ጮኸው፣ ተሟግተው ብርሃናቸውን ያስመልሱ ነበር።

ሐጂን ታላቅ ያደረጋቸውም ማፍረሳቸው አይመስለኝም። ሲነግሩት የሚያፈርስ ሰው ሞልቷል። እሳቸው ማንም ሳይነግራቸው ተነስተው ሄዱ፣ በሰው ቦታ ተቀመጡ፣ ከዚያ ሆነው የገዛ ቤታቸውን አዩ። አባት የሆንን፣ አለቃ የሆንን፣ በሰፈራችን ስማችን የሚከበር ሁሉ፣ ስንት ሰው እሺ ብሎናል? በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ እምቢ ካሉን ሰዎች ጋር የሚኖረን ክርክር አያስፈራኝም፤ እነሱ ሐቃቸውን እዚሁ ተናግረዋል። እኔን የሚያስፈራኝ እምቢ ማለት አቅቷቸው እሺ ያሉን ናቸው።