አመጣጡ የታወቀበት በግ

ተረት ላውራችሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ጆሮ አውሱኝ።

በድሮ ዘመን አንድ ቀንዳም አውራ በግ ነበረ። እንስሳቱ ሁሉ ከሚጠጡበት ምንጭ ቀድሞ የሚጠጣው በግጥሚያ ያሸነፈ ስለነበር፣ እሱ ለዓመታት ጥሩውን ውኃ ሲጠጣ ለሌሎቹ ድፍርሱ ይደርሳቸው ነበር። አገጣጠሙ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሦስት እርምጃ ያፈገፍጋል፣ መሬቱን በኮቴው ይመታል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወረወራል።

ይህን ሲያጠና የከረመ አንድ ፍየል ሊገጥመው መጣ። በጉ እንደ ልማዱ አፈገፈገ፣ መሬቱን መታ፣ ተወረወረ። ፍየሉ ዞር ሲልለት በጉ ከኋላ ከነበረው የግራር ግንድ ጋር ተላተመ። በዚያን ቀን ፍየሉ ቀድሞ ጠጣ።

የበጉ ወዳጅ አህያ፣ “ወንድሜ፣ አመጣጥህ ታውቆብሃል። ቀያይረው እንጂ” አለው።

በጉም ሲያስብ ሰነበተና ተመለሰ። ሰኞ ከቀኝ መጥቶ አሸነፈ። ማክሰኞ ከግራ መጥቶ አሸነፈ። ረቡዕ ከቀኝ፣ ሐሙስ ከግራ መጣና አሁንም አሸነፈ። “ከእንግዲህ ማን ያውቅብኛል?” እያለም ሲጎማለል ዋለ።

ዓርብ ከቀኝ ሲወረወር ግን ፍየሉ ቀድሞ ቦታውን ለቅቆ ነበር። በጉ ከምንጩ ዳር ያለው ማጥ ውስጥ እስከ አንገቱ ገባ።

“በምን አውቀህ ነው?” አለ በጉ፣ ከማጡ ወጥቶ ጭቃውን እያራገፈ።

“ትናንት ከግራ ነበርክ” አለው ፍየሉና ወደ ምንጩ ወረደ።

አህያው በጉን ሊያጽናና ቀረበ። በጉ ግን ፊቱ በርቶ ነበር።

“አሁን ገባኝ” አለው። “ከነገ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ከቀኝ፣ ሁለት ጊዜ ከግራ ነው።”

ተረቴ በዚሁ አለቀ፤ በጉ ግን ዛሬም ድፍርሱን ይጠጣል።